የእትዬ ዘውዲቱ ጣቶችና የአዴር ፋራህ ግመል

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ በባጃጅ ወደ ቤቴ ስሄድ ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ገባ። የላከችው ሳሚያ የምትባል፣ ከድሬዳዋ ወዲያ ያለችው የኤረር ከተማ አስተማሪ ናት፤ በአካል ተያይተን አናውቅም። ለተማሪዎቿ ስምንት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በስጦታ አግኝታለች። ኮምፒውተሮቹን ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ዓይነት ነው። እኔ ከዓመታት በፊት የሠራሁት የአማርኛ መጻፊያ ደግሞ እዚያ ላይ አልሠራ ብሏታል። ሰጪዎቹን ብትጠይቅ የመጻፊያውን ባለቤት ጠይቂ አሏት። መልእክቷ እንዲህ ብሎ ያበቃል፦ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ የማን ኃላፊነት ነው?"

ብቻዬን ሳቅሁ። የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አየት አደረገኝና ደግ ወሬ እንደሆነ ጠየቀኝ። የዱሮ ጥፋቴ አድራሻዬን አግኝቶ ነው አልኩት። ምን ለማለት እንደፈለግሁ አልገባውም፤ ሆኖም ለመተባበር ያህል እሱም ሳቀ።

ዕድሜዬ ገና ሠላሳ አልሞላም። በኮምፒውተር ሥራ ግን ስድስት ዓመት የሽማግሌ ዕድሜ ነውና "በልጅነቴ" ብዬ ብጀምር የሚቆጣኝ አይኖርም። እንግዲህ በልጅነቴ፣ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ ጅጅጋ ውስጥ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ማንም ያላየውን አውቃለሁ የምል፣ የተሰጠኝን ነገር ሁሉ ፈትቼ ካላየሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ።

ቤቱ የኤዶ ሆዳን ነበር። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ እኛ ሠራተኞቹ ብቻ ሳንሆን ደንበኛውም፣ ፖሊሱም፣ ሻሂ ሻጩም ኤዶ ነበር የሚላቸው። ቤቱ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት ስለነበረ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ፣ ፎርም የሚያስሞላ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይሰለፋል። በታኅሣሥ የጅጅጋ ንፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ ሰልፉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይገባና ቤቱ በነጠላ፣ በሽርጥና በፋይል ይሞላል። ከጎናችን ካለው ሻሂ ቤት በግመል ወተት የፈላ፣ ሄልና ቀረፋ ያለበት ሻሂ በትሪ ይመጣል። ጠዋት ላሆህ ከሚባለው ስስ የሶማሌ እንጀራ ጋር፣ ከሰዓት በኋላ ከሳምቡሳ ጋር። ዛሬም ያ የሄል ሽታ ሲሸተኝ ጆሮዬ የፎቶ ኮፒ ማሽን ድምፅ የሚሰማ ይመስለኛል።

የቤቱ ምሰሶ ግን እትዬ ዘውዲቱ ነበሩ። አባታቸው ድሮ በወታደርነት ጅጅጋ መጥተው የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ታይፕ ተምረው፣ መጀመሪያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፕራይተር፣ ኋላ በኤዶ ሆዳን ቤት በኮምፒውተር ሠላሳ ዓመት ጽፈዋል። የሚጽፉበት የአማርኛ ፕሮግራም የፊደሉን አቀማመጥ ከድሮው ታይፕራይተር ስለወሰደው ከማሽን ወደ ኮምፒውተር ሲሻገሩ ምንም አልተቸገሩም። ባለጉዳዩ ችግሩን ሲነግራቸው ዓይኑን እያዩ ያዳምጡታል፤ ጣቶቻቸው ግን ከሥር ይሄዳሉ። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ ማመልከቻው አልቋል፣ "ለሚመለከተው ሁሉ" ተብሎ፣ ቀን ተጽፎበት። እስክሪናቸውን የሚያዩት መነጽራቸውን ለማስተካከል ሲሉ ብቻ ነበር።

የቤቱ በሽታ ደግሞ ፍላሽ ነበር። ከየቢሮው፣ ከየካፌው የሚመጣ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። በሳምንት ሁለቴ ኮምፒውተር ይታመማል፤ በሳምንት ሁለቴ እኔ ሐኪም እሆናለሁ። ከዚያ ስለ ሊኑክስ አነበብኩ። በነፃ የሚገኝ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ያ ፍላሽ የሚያመጣው ቫይረስ ሁሉ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስን አይነካውም። ቤቴ ባለችው አሮጌ ላፕቶፕ ሞከርኩት፤ ወደድኩት። ከራሱ ጋር የአማርኛ መጻፊያም አለው። "ሀ" ለመጻፍ የእንግሊዝኛውን "ኤች" መጫን ነው፤ በስልክ ስጽፍ ላደግሁት ለእኔ ከዚህ የሚቀል አልነበረም። ለሌላው ይከብዳል ብዬ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም።

እትዬ ዘውዲቱ በየዓመቱ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ይሄዳሉ። ስለት አለባቸው፤ ሰማይ ቢወርድ አይቀሩም። በዚያም ዓመት ዣንጥላቸውንና ስንቃቸውን ይዘው ሲወጡ እኔ በር ላይ ቆሜ በደስታ ሸኘኋቸው። በልቤ ሲመለሱ የማስደንቅበትን አስብ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ አምስቱንም ኮምፒውተሮች አጥፍቼ ሊኑክስ ጫንኩባቸው። ሰነዶቹን በሙሉ አስቀምጫለሁ፤ ሁሉም ይከፈታሉ፣ ይነበባሉ። ኤዶ ሆዳን ቫይረስ ቀረ ሲባሉ መረቁኝ። ያን ሳምንት ባጃጅ እንኳ አልተሳፈርኩም፤ በእግሬ እየዘፈንኩ ነበር ቤቴ የምገባው።

እትዬ ዘውዲቱ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ፣ ከመንገድ የገዙትን ብርቱካን ለሁላችን አድለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ባለጉዳይ መምህር ነበር፤ ዝውውር የሚጠይቅ። ዓይን ዓይኑን እያዩ ጻፉለት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አስተካክለው እስክሪኑን አዩ። አንድም ቃል አልነበረም፤ የተበተነ ፊደል ብቻ።

የእሳቸውን ፕሮግራም አምጪው አሉኝ። ሞከርኩ። ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ነው። ዊንዶውስን ልመልስ ብዬ ሳስብ ደግሞ የእሳቸው ፕሮግራም ያለበት የድሮ ሲዲ ተቧጭሮ አይነበብም። ሲዲው ላይ ወዳለው የአዲስ አበባ ስልክ ደወልኩ። አንድ ትሑት ድምፅ ያለው ሰው አነሳው። ያቺ እትም ቀርታለች፣ አዲሱ ደግሞ የፊደል አቀማመጡ ሌላ ነው አለኝ። በሊኑክስ ላይ እንዴት ላድርግ ስለው፣ "ለዚያ ሲስተም ተብሎ አልተሠራም፤ ኃላፊነት አንወስድም" አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የታዘዘውን የሚናገር ሰው ነበር። ማታ ኢንተርኔት ላይ የሊኑክስ ሰዎችን ጠየቅሁ። እነሱም በጨዋነት ጥያቄው ለፕሮግራሙ ሠሪ ነው አሉኝ። ኤዶ ሆዳን በበኩላቸው እኔን አዩ። እኔ ስልኬን አየሁ።

በማግስቱ እትዬ ዘውዲቱ እኔ ያሳየኋቸውን መንገድ ሞከሩ። የማመልከቻ አንዲት መስመር ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ሰልፉ እያያቸው፣ በአንድ ጣት፣ ከእንግሊዝኛው ፊደል ላይ አማርኛ ሲፈልጉ ሳይ ፊቴ ጋለ። ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ማኅደሩ ከተቱት።

"ሠላሳ ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ የጻፍኩ ሴት ነኝ" አሉኝ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። "አሁን ሀ የት ናት ብዬ ልጠይቅ? አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ሥሪ። እኔ ከቤቴ እውላለሁ።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ብርቱካናቸው ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ፤ ዛሬም ሳስበው አላፍርበትም። አንዲት ሴት ዕድሜ ልኳን የገነባችውን ሞያ በሦስት ቀን አጥፍቼ፣ በዚያ ላይ ስዘፍን ነበር።

ጅጅጋ ውስጥ ጠብ እንዲያው ተንጠልጥሎ አይተውም። ሰዎች የተኳረፉበት ቤት ውስጥ በዕድሜ ትልቁ ሰው ማን ነው ተብሎ ይታያል፤ ደንበኛም ቢሆን ይቀመጥና ይዳኛል። በማግስቱ በዕድሜ ትልቁ ሰልፍ ላይ የነበሩት አዴር ፋራህ ሆኑ። አዴር አጎት ማለት ነው። የቱሊ ጉሌድ ወረዳ ሰው፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ የግመል ነጋዴ ናቸው፤ አማርኛቸውን ከገበያና ከወታደር ሰፈር ለቅመው የራሳቸው አድርገውታል። የመጡት ለግመሎቻቸው የክትባት ማመልከቻ ሊያስጽፉ ነበር፤ ከእትዬ ዘውዲቱ በቀር ለማንም አላጽፍም ብለው ሻሂያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ኤዶ ሆዳን ጉዳዩን በሶማሊኛ ነገሯቸውና እትዬ ዘውዲቱን በባጃጅ አስጠሩ። እሳቸውም መጡ። ተኮራርፎ እንኳ ሽማግሌ ሲጠራ አለመሄድ ነውር ነው።

በሩ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሥርዓቱ እያንዳንዱ ሳይቋረጥ እንዲናገር ነው። እትዬ ዘውዲቱ በሁለት ቃል ጨረሱ። ኤዶ ሆዳን ቫይረሱን አነሱ፤ ቤታቸው ጤና እንዳገኘም አልካዱም። እኔ ስለ ሊኑክስ፣ ስለ ፕሮግራሙ ሠሪዎች፣ አንዱ ወደ ሌላው እንደሚልከኝ ረጅም ንግግር አደረግሁ። አዴር ፋራህ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። የአዲስ አበባው ሰው ፕሮግራሜ በዚህ በአዲሱ ላይ ይሠራል ብሎ ቃል ሰጥቶ ነበር? አልሰጠም አልኩ። አዲሱን ያመጣው ማን ነው? እኔ አልኩ።

ሻሂያቸውን ጨረሱና ስለ ግመል ተናገሩ። ልጅ ሳሉ አባታቸው አንዲት ግመል ለኤረር ሰው ሸጡ። ግመሏ የቱሊ ጉሌድን ውሃ የለመደች ናት። የኤረር ውሃ ከመሬት ሞቆ የሚወጣ፣ ሽታውም ሌላ ነው፤ አሸተተችና እምቢ አለች። ገዢው ግመሏ በሽተኛ ናት አለ። የጉድጓዱ ባለቤት ውሃዬ ምንም አልሆነ አለ። የአዴር ፋራህ አባት ማንንም አልተከራከሩም፤ ልጃቸውን ላኩት። በእነሱ ቤት ግመል ወደ ሌላ አገር ያስገባ ሰው እስክትጠጣ አብሯት ይቆያል። ልጁ አሥራ አንድ ቀን ኤረር ቆየ፤ ከእጁ እያጠጣ፣ ቀን በቀን ወደ ጉድጓዱ እያቀረባት።

"የጉድጓዱ ባለቤት ለእንግዳ ግመል ውሃ የመቅዳት ግዴታ የለበትም" አሉ ጣታቸውን አንስተው። "መቆለፍ ግን አይችልም። አንቺ ደግሞ አምጥተሻል፤ እስክትጠጣ አትመለሺም።"

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ደውዪ አሉኝ። ያው ትሑት ድምፅ አነሳ። አዴር ፋራህ ስልኩን ተቀብለው ጤናውን፣ ቤተሰቡን፣ የአዲስ አበባን ብርድ ጠየቁ፤ ሰውየው ግራ ቢገባውም ለሁሉም መለሰ። በኋላ "አንተ ሥራልን አላልንህም" አሉት። "ይህች ልጅ ፊደሉን እንደ እናንተው አድርጋ ለራሷ ብትደረድር ትቆልፍባታለህ ወይ?" ከወዲያ በኩል ሳቅ ሰማን። አቀማመጡ የድሮ ታይፕራይተር ነው፣ የማንም ሚስጥር አይደለም፣ የሚሠራ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል አለ። የፊደሎቹን ቦታ የሚያሳየው ወረቀት ግን እሱም ጋ አልነበረም።

ወረቀት የለም። ያለው የእትዬ ዘውዲቱ ጣት ነው። "ለ የት ናት?" ብዬ ብጠይቃቸው አያውቁትም፤ አስበው አያውቁማ። ጣታቸው የሚያውቀው ሲሮጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ኪቦርዱን አግዳሚው ላይ አስቀመጥንላቸው፣ ስልኬን ከላይ ደግኜ ቪዲዮ ከፈትኩ፣ አዴር ፋራህም ማመልከቻቸውን መናገር ጀመሩ። እትዬ ዘውዲቱ መጀመሪያ ላይ አኮረፍ ብለው ነበር። "ጉዳዩ፦ ስለ ግመሎች ክትባት" ሲባል ግን እጃቸው ብቻውን ሄደ። ማታ ቤቴ ቪዲዮውን እያቆምኩ እያየሁ፣ ይህ ጣት እዚህ ሲወርድ የተባለው ፊደል ይህ ነው እያልኩ ደረደርኩ።

በሁለተኛው ቀን ማመልከቻ ውስጥ የማይገኙት ፊደሎች ቀሩን። ለ"ዥ" ቃል አምጡ ስል ሰልፉ በሙሉ ገባበት። ዥንጉርጉር አለ አንዱ። ለ"ጰ" ጠረጴዛና ጳጉሜን ተገኙ። ኤዶ ሆዳን ከገንዘብ መቀበያው ሆነው "ኳስ!" ብለው ጮኹ፤ ያ ቀድሞ ተገኝቷል ቢባሉም ቃላቸው እንዲጻፍላቸው አሉ። ለክትባት፣ ለዝውውር፣ ለመታወቂያ የመጣ ሰው ጉዳዩን ረስቶ ፊደል ይለቅም ነበር። እትዬ ዘውዲቱ እያንዳንዱን ቃል ሲጽፉ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ ነበረች፤ አይቻታለሁ፣ እንዳላየሁ ሆንኩ።

በሦስተኛው ቀን ሞከርን፤ "ሰላም" ብለው ሲጽፉ ሌላ ነገር ወጣ። አንድ ረድፍ አንሸራትቼ ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው አልሄዱም። ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝና "አስተካክዪው፣ አለሁ" አሉ። አስተካከልኩ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አዴር ፋራህ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ስለ ግመሎቻቸው እንደ አዲስ ተናገሩ። እትዬ ዘውዲቱ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ አዳመጡ። ሲያበቁ መነጽራቸውን አስተካክለው እስክሪኑን አዩ። ሙሉ ማመልከቻ፣ አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ፣ ቀንም ተጽፎበት።

አዴር ፋራህ ማንበብ ባይችሉም እስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩና "ጠጣች" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ እትዬ ዘውዲቱ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ፤ እሳቸውም ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ወደ ቀጣዩ ባለጉዳይ ዞሩ፤ ሰልፍ ነበራ።

መጻፊያውን ኢንተርኔት ላይ ለቀቅሁት። እንደ እሳቸው በታይፕራይተር የለመዱ ሰዎች ከየከተማው አገኙት፤ ኋላም ልጆቻቸው ተማሩበት። እትዬ ዘውዲቱ እስከ አምና ድረስ ጽፈውበታል። አሁን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቤታቸው ናቸው፤ አዴር ፋራህ ከቱሊ ጉሌድ ሰው በመጣ ቁጥር የግመል ወተት ይልኩላቸዋል።

ማክሰኞ ዕለት ቤቴ ገብቼ ለሳሚያ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። "መጻፊያው ለዚያ ሲስተም ተብሎ አልተሠራም" ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ያን ትሑት ድምፅ ሰማሁት። ሰውየው አልዋሸም ነበር፤ እኔም አልዋሸሁም። ይህ ነገር የማን ኃላፊነት እንደሆነ ደግሞ እስከ ዛሬ ጥርት ያለ መልስ አላገኘሁም። የሠራው ሰው ለሁሉም ዓይነት መሥራት አይችልም፤ የሰጠውም ሁሉንም አያውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው መሄድ አለበት፤ እኔም የኤረርን መንገድ አውቃለሁ።

የጻፍኩትን አጠፋሁትና የመጻፊያውን ውስጠኛ ሥራ፣ የተሠራበትን ኮድ፣ በሙሉ ላኩላት፤ ማንም እንደፈለገ ይክፈተው። ከሥሩ "ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እስኪሠራ አብሬሽ እቆያለሁ" አልኳት። ከዚያ የምሥራቹን ልነግራቸው ለእትዬ ዘውዲቱ ደወልኩ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ ሲሉ፣ የደንገጎን ቁልቁለት አልፈን ድሬዳዋ፣ ከዚያ ኤረር፤ መንገዱ ለጉልበትዎ ይከብዳል አልኳቸው።

"ዝም በይ" አሉኝ። "እኔ በሌለሁበት ኮምፒውተር ስትነኪ የሚሆነውን አንዴ አይተናል።"

በሚኒባሱ ሁለት ወንበር ያዝኩ።